ጣቶቼ የነጡ ጊዜ

መጀመሪያ የነጣው የግራ እጄ የቀለበት ጣት ነው። ኅዳር ነበር፤ ቡራዩ ላይ ውርጭ ሣሩን ያጠወለገበት ጠዋት። ፊቴን ልታጠብ ወጥቼ ውኃ የያዘውን ጣሳ ሳነሣ ያ ጣት ቅዝቃዜው አልተሰማውም። አየሁት። ከጫፉ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ እንደ ሻማ ነጥቷል። ከአንጓው ወዲህ ያለው ሥጋ ግን እንደ ወትሮው ጠይም ነው። በነጩና በጠይሙ መካከል በቢላ የተሰመረ የሚመስል ድንበር አለ። በሌላው እጄ ቆነጠጥኩት። የሌላ ሰው ጣት የቆነጠጥኩ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ደሙ ተመለሰ። ሲመለስ ጣቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ በመጨረሻም ፍም ላይ የያዙት ያህል ነደደ። ባለቤቴ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ ኖሯል።

"ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"ብርድ ነው" አልኳት። እኔም ያመንኩት ይህንኑ ነበር።

ይህን የምጽፈው በጋራዥ፣ በብረታ ብረት ቤት፣ በእንጨት ሥራና በድንጋይ ቆረጣ ቀኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጨብጠው ለሚውሉ ሰዎች ነው። በተለይም ጣታቸው ነጥቶ ወይም ደንዝዞ ለማንም ትንፍሽ ላላሉት። እኔ ዝም በማለቴ የደረሰብኝን እነሱ እንዳይደግሙት ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ስሜ ታደሰ ይባላል። ተወልጄ ያደግኩት ሱሉልታ ነው፤ አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚያ ጎጆ የቀለሰ ሰው ነበር። እኔ ከእርሻው ይልቅ ብረት ወደድኩና ቡራዩ፣ በአምቦ መንገድ ዳር በነበረው የኦቦ ገመዳ ብረታ ብረት ቤት ተቀጠርኩ። ኦቦ ገመዳ የአገሩ ተወላጅ ናቸው። ብየዳን ከጣልያኖች ጋራዥ ተምረው በራሳቸው ጉልበት ቤቱን ያቋቋሙ፣ ኮስታራ ሰው። የምንሠራው በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ አልጋና የውኃ ታንከር ነበር። ቶሎሳ የሚባል የቡራዩ ልጅ ይበይዳል፤ እኔ የተበየደውን በሞላ አለሰልሳለሁ። ሞላ የምንለው በእጅ የሚያዝ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሽከረከር ዲስክ ያለው የብረት መሞረጃ ነው። ሥራ ሲበዛ ቶሎሳም ብየዳውን ትቶ ሞላውን ይቀበለኛል።

ያ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት አንድ በር ለማለስለስ በእጅ ሞረድ ስንታገል እንውል ስለነበር እንደ ታቦት ነው ያከበርነው። ከባድ ነው። ቀኝ እጄ ማስነሻውን ይጫናል፣ ግራ እጄ በጎን ያለውን እጀታ አጥብቆ ያቅፋል። የዲስኩን መከለያ ገና በጠዋቱ ፈትተን ጥለነዋል፤ ጥግ ጥጉን ለመሞረድ አላስጠጋ ስላለን። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁለት ቦታ ተልጦ በላስቲክ ተጠቅልሏል። እጃችን ላብ ሲኖረው ብረቱ ይነዝረን ነበር፤ እንስቅበት ነበር እንጂ አልፈራነውም። ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳ እጆቼ ውስጥ ሞላው የሚሽከረከር ይመስለኛል። መዳፌን ጉንዳን የወረረው ያህል ይሰማኛል። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። በሽታው ግን ያኔ ጀምሮ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ የግራ እጄ ሦስት ጣቶች አብረው መንጣት ጀመሩ። ከዚያ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ተከተለ። የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ከበደኝ። ብሎን ከጣቶቼ መካከል ይወድቃል፤ መውደቁን የማውቀው መሬት ላይ ሲጮህ ነው። ፈራሁ።

አንድ ጠዋት በብርዱ ወደ ከተማችን ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪም የለም፤ ቁስል የሚያሽግና መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ብቻ ነበር። ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘኝና በመርፌ ጣቶቼን መውጋት ያዘ።

"ተሰማህ?"

"መቼ ወጋኸኝ?" አልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ጣቴ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ድሬሰሩ ወደ ውጭ ወጥቶ እጁን በሳሙና ሲታጠብ በመስኮቱ አየሁት። አጠበ፣ አለቀለቀ፣ እንደገና ሳሙናውን አነሣ። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ዳር ያለውን ሐኪም ቤት አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። የማያውቀው የለም። የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ነው።

"ለማጣራት ነው" አለ። "እስኪጣራ ለማንም አትናገር።"

ለማንም አልተናገርኩም። ለወርቅነሽም። ግን ተሰማ።

ከማን አፍ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ያወቅኩት የሰው ዓይን ሲለወጥ ነው። የሚካኤል ማኅበር ላይ ጠላው ለሁሉም በዋንጫ ሲቀዳ ለእኔ በጣሳ መጣልኝ። የደገሰችው ሴት "ዋንጫው አልደረሰም" አለች። ዋንጫው መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ይታየኝ ነበር። ጠጣሁ። ጣሳውን ምን እንደምታደርገው ለማየት ዘወር ብዬ ጠበቅኩ። ከሌላው ዕቃ ጋር አልቀላቀለችውም።

ከዚያ ወዲያ እኔም ጠባቂ ሆንኩ። ሰላምታ የሚሰጠኝን ሰው እጄን ይጨብጥ ወይም ባርኔጣውን ብቻ ያነሣ እንደሆነ እመለከታለሁ። ቤቴ ውስጥ ወርቅነሽን እጠብቃታለሁ። ልጆቹን እኔ ሳልመጣ ማብላት ጀምራለች። ትንሿን ልጃችንን ታቅፌ ስቀመጥ ብዙም ሳልቆይ መጥታ ትወስዳታለች። "ጡት ትጥባ" ትላለች። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልራባትም። ለምን እንደምትወስዳት ያወቅኩ መሰለኝ።

አንድ እሑድ የወርቅነሽ ወንድም ከሰበታ ለጥየቃ መጣ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጋቢውን አላወለቀም። ስለ እህል፣ ስለ ከብት አወራን። እያወራ ዓይኑ እጄ ላይ ነው። ሊሄድ ሲል፣ እንደ ዋዛ፣ "የአባትህ አባት መንዝ ውስጥ የት ነው አገሩ?" አለኝ።

ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል። አጥንቴን ነው የሚጠይቀኝ። ያኔ ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው የሚል እምነት ነበር፤ አንዱ ከታማ ወገኑ ሁሉ ይታማል። ፍርዱ ደግሞ እኔ ላይ አልቆመም። ታናሽ እህቴ አስካለ ሱሉልታ ለአንድ ገበሬ ልጅ ታጭታ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የልጁ ሽማግሌዎች ወደ እናቴ ልከው "ነገሩ ትንሽ ይቆይ" አሉ። ምክንያት አልሰጡም። እናቴ ግን ገባት። ቡራዩ ድረስ መጥታ እጆቼን አገላብጣ አየችና መልሳ ጭኔ ላይ አኖረቻቸው።

ከሁሉ የበለጠ የጠረጠርኩት ቶሎሳን ነው። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ ኮ"፣ እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ ብሎ ትከሻዬን ይመታ የነበረ ሰው ራቀኝ። ምሳውን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ሞላውን ከእኔ ሲቀበል እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው፤ ሲጨርስ ጨርቁን ፈትቶ ኪሱ ይከታል። በሌላ ጊዜ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ተጸይፎኛል አልኩ። ወሬውን የነዛውም እሱ ነው አልኩ። ቦታዬን ለዘመዱ ሊያደርግ ፈልጎ ነው እስከማለት ደረስኩ። አንድም ማስረጃ አልነበረኝም። ማስረጃም አልፈለግኩም።

ወደ ሐኪም ቤቱ የሄድኩት ለአስካለ ስል ነው።

በረንዳው ላይ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። እኔ ቆምኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ጣቶቻቸው ያጠሩ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ። "ከወንበር አይያዝም።"

በምሬት አልተናገሩትም። ተቀመጥኩ። ሰው እኔን የሚያይበትን ዓይን እኔም ይዤ እንደመጣሁ እዚያ ላይ ገባኝ።

ዶክተሩ ፈረንጅ ነበር፤ አማርኛው ቢሰባበርም ይገባል። ሸሚዜን አስወልቆ ቆዳዬን በመስኮቱ ብርሃን ከፊትም ከኋላም አየ። ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ነካካኝ። ከክርኔ ጀርባ ያለውን ነርቭ በጣቱ እያንከባለለ ዳሰሰ። ከጆሮዬ ጫፍ ጥቂት ቆዳ ፍቆ ለማይክሮስኮፕ ምርመራ ስስ መስታወት ላይ ቀባ።

"ነርቭህ አላበጠም" አለኝ። "ቆዳህ ላይም ምልክት የለም። አሁን ጣትህ ይሰማሃል?"

ቀትር ነበር፤ ሞቋል። ሁሉም ይሰማኛል።

"የሥጋ ደዌ መደንዘዝ ጠዋት መጥቶ ቀትር ላይ አይሄድም" አለ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ገና አላወቅኩም። እጅህ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?"

ነገርኩት። ሞላውን በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት። ብዙ ጠየቀኝ፤ ስንት ጊዜ እንደምይዘው፣ በየትኛው እጅ እንደምጨብጠው፣ አብሮኝ የሚሠራ ሰው እንዲህ የሚያደርገው እንደሆነ። "የለም" አልኩት። ለቆዳው ምርመራ ውጤት ስመለስ መሣሪያውን ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። "አላወቅኩም" የሚል ሐኪም እውነቱን የደበቀ መሰለኝ። ሳለቅስ እንዳያየኝ አባብሎ የሸኘኝ መሰለኝ። ኦቦ ገመዳም መሣሪያውን ልውሰድ ስላቸው ከሥራቸው ቀና ብለው በጥርጣሬ አዩኝ።

"ሐኪም የሚያክመው ሰው ነው ብረት?" አሉ። "አንተ ነገር ልታመጣብኝ ነው። እዚህ ቤት በሥራ የታመመ ሰው የለም።"

ተመለስኩ። እንደገና ሞላውን ጨበጥኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ውርጭ የጣለበት ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ጢስ አየሁ። ቶሎሳ ጥቂት እንጨት አንድዶ ተንበርክኳል። እጆቹን እሳቱ ላይ ዘርግቷል። አላየኝም። ቀረብኩ። ጣቶቹ ነጭ ናቸው። ከግራው እጁ ሦስቱ። ድንበራቸው አንጓው ላይ።

"አንተም?" አልኩት።

ደንግጦ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወጣው።

"ካንተ የያዘኝ መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ከመስቀል ጀምሮ ነው። እጀታውን በጨርቅ የምጠቀልለው ከዚህ በላይ እንዳይብስብኝ ብዬ ነው። ወሬው ሲወራብህ ደግሞ እኔም ልታወቅ ነው ብዬ ሸሸሁህ።"

ከመስቀል ጀምሮ ማለት ከእኔ በፊት ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኩት። እሱ እኔን ሲፈራ፣ እኔ እሱን ስጠላ፣ አንድ እጀታ ስንቀባበል ከርመናል። አጠገቡ ተቀመጥኩና እኔም እጄን እሳቱ ላይ ዘረጋሁ።

ሁለታችን አንድ ላይ ስንጠይቃቸው ኦቦ ገመዳ መሣሪያውን መከልከል አልቻሉም፤ በጆንያ አድርገን በአውቶቡስ ሄድን። ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ ምንም የደዌ ጀርም እንዳላገኘ መጀመሪያ ነገረኝ። ከዚያ የቶሎሳን እጅ አየ። ፊቱ ተለወጠ፤ የጠፋበትን ያገኘ ሰው ፊት ነበር። መድኃኒት ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ በረዶ አስመጥቶ ገንዳ ውኃ ውስጥ ጨመረና እጃችንን አስነከረን። የሁለታችንም ጣቶች ጎን ለጎን ሲነጡ አብረን አየን። ቀጥሎ ሞላውን ሶኬት ላይ ሰክቶ ራሱ በሁለት እጁ ይዞ አስነሣው። እኛ እስኪሰለቸን ድረስ ያዘው። አጥፍቶ ሲያስቀምጠው ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ያጥፋል።

"መሣሪያው ቆሟል" አለ፤ "እጄ ግን አልቆመም።"

ያስረዳን እንዲህ ነው። መንቀጥቀጡ ቫይብሬሽን ይባላል። ለብዙ ወራት ሲደጋገም የጣትን ትናንሽ የደም ሥሮችና ነርቮች ይጎዳል። የተጎዱት የደም ሥሮች ብርድ ሲነካቸው ይዘጋሉ፤ ጣቱም ደም አጥቶ ይነጣል። እጀታውን ይበልጥ የሚጨብጡት ጣቶች ይበልጥ ይጎዳሉ። ጀርም የለውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በዘር አይመጣም።

"መድኃኒቱስ?" አልኩት።

"መድኃኒት የለኝም። መድኃኒቱ ይህን ማስቀመጥ ነው። ቶሎ ካቆማችሁ ይሻላችኋል። ከቀጠላችሁ ነጩ ወደ መዳፍ ይወርዳል፤ ያኔ አይመለስም።"

ቶሎሳ ሲጋራ ያጨስ ነበርና እሱን ለይቶ "ሲጋራም የደም ሥር ያጠባል" አለው። ከዚያ ዲስኩን በጣቱ አዙሮ እያየ፣ ጠርዙ እንደተሸረፈና ዙሩ እኩል እንዳልሆነ፣ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ይበልጥ እንደሆነ ነገረን። መከለያው የት እንደሄደ ጠየቀ። ተያየን። የተላጠውን ገመድ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

በዚያ ሳምንት ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ለወርቅነሽ ነገርኳት። ልጅቷን ከእጄ ለምን እንደምትወስድብኝም ጠየቅኳት።

"አንድ ጠዋት ልትጥላት ነበር" አለችኝ። "ከእጅህ ስትንሸራተት ቀድሜ ያዝኳት። አንተ አላወቅከውም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።" ደግሞም ወንድሟ ልውሰድሽ ብሏት እንቢ ማለቷን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

የአስካለ ነገር ገና አላለቀም። በአንድ እሑድ ቶሎሳን ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። እናቴ ቤት የልጁ አባት አቶ ኃይሌና ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። የተቀመጡት ለመሄድ እንዳሰበ ሰው ነው። የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው። አንዳቸውም አላመኑኝም፤ ስለ ራሱ የሚመሰክርን ሰው ማን ያምናል? ከወንዝ የተቀዳ ውኃ በገበቴ አስመጣሁና እኔና ቶሎሳ እጃችንን ነከርን። የሱሉልታ ብርድ በረዶ አያስፈልገውም። ጣቶቻችን ነጡ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

ቶሎሳ ተናገረ። "አባቴ የቡራዩ ነው፣ እናቴ የወሊሶ። ከታደሰ ጋር የሚያገናኘን አያት የለም። የሚያገናኘን አንድ ብረት ነው።"

"ካንዱ ወዳንዱ ተላልፎ ቢሆንስ?" አሉ አቶ ኃይሌ።

ቶሎሳ "ሚስቴ አብራኝ ትበላለች፣ ልጆቼ አብረውኝ ይተኛሉ። ቡራዩ መጥታችሁ እጃቸውን እዩ" አላቸው። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞሮ እጁን አሞቀ፤ እኔም ተከተልኩ። ነጩ ጠቆረ፣ ቀላ፣ ተመለሰ። ቶሎሳ ሲያመው ጥርሱን ነክሶ ቆየ። አንደኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቀርበው አዩ።

"እሳት ሲሞቅ የሚሄድ ደዌ አላየሁም" አሉ በመጨረሻ። አቶ ኃይሌ ግን "እንመክርበታለን" ብለው ተነሡ።

ብዙ መከሩ። ሠርጉ ፋሲካን አልፎ በዓመቱ ጥር ላይ ሆነ። የሙሽራው እናት እኛ ቤት እህል የቀመሱት የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው ክርስትና ዕለት ነው። ማኅበሬ ውስጥም ዋንጫው ተመለሰልኝ፤ ስለ ጣሳው ማንም ምንም አላለም፣ እኔም አላነሣሁም።

ኦቦ ገመዳ ግን የሐኪሙን ቃል አልተቀበሉትም። "አንዱ ሰነፈ፣ ሌላውን አስተባበረ" አሉ። እኛ ሞላውን አንነካም ስንል ራሳቸው ሊያሳዩን ተነሡ። ጥቂት እንደሞረዱ ዲስኩ ተሰነጠቀ። ቁራጩ በጆሯቸው አጠገብ አልፎ ከኋላቸው ያለው የእንጨት በር ላይ ተሰካ። ኦቦ ገመዳ ሞላውን አጥፍተው፣ ስፒናውን ነቅለው፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ይህንንም ያ ሐኪም ብሎ ነበር?" አሉ።

"ዲስኩ ተሸርፏል ብሎ ነበር፣ ኦቦ ገመዳ።"

ከዚያ በኋላ መከለያው ተፈልጎ ተገጠመ፤ ገመዱ ተለወጠ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ብረቱ እንዳይነዝረን የመሬት ሽቦ ዘረጋልን። ቶሎሳ ደግሞ ሞላውን ከጣሪያው እንጨት ላይ በገመድና በሚለጠጥ የሽቦ ስፕሪንግ አንጠለጠለው፤ ክብደቱ እጅ ላይ መውደቁ ቀረ።

እኔ ከሞላው ወጥቼ ልኬትና ቆረጣ ላይ ተመደብኩ፤ ብረት በእጅ መጋዝ እየቆረጥኩ ፍሬሙን እገጣጥማለሁ፣ እንደ ጀማሪ ሆኜ ሁሉን እንደገና ተማርኩ። ማገገሙ የሚያስመካ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በጋ እንዳለፈው ሆኖ አለፈ፣ ጣቶቼ እንደነጡ፣ እኔም ሐኪሙን እንደገና እንደጠረጠርኩ። ወርቅነሽ ከሱሉልታ በመጣ የበግ ፀጉር ጓንት ሠራችልኝ፣ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እጄን በለብታ ውኃ ታሞቅልኛለች፣ ውኃ መቅዳትና ማገዶ በብርድ ማንሣት ከለከለችኝ። በሁለተኛው በጋ አንድ ውርጭ ያለበት ጠዋት ጓንቴን ረስቼ እስከ ሥራ ቤቱ ሄጄ ጣቶቼን ሳያቸው የነጣው ጫፋቸው ብቻ ነበር፣ ያም ተቀምጬ ጥቂት ሳሻሸው ተመለሰ፤ ያን ቀን ነው ያመንኩት። ከዚያ እየራቀ ሄደ፤ በዓመት አንዴም ሁለቴም ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬም መሬት ላይ የወደቀ መርፌ ማንሣት አልችልም፣ የትንሿ ጣቴም ጫፍ አልተመለሰም፤ ግን ቁልፌን ራሴ እቆልፋለሁ፣ ልጆቼን በእነዚህ እጆች አሳድጌአለሁ።

ቶሎሳ ከእኔ ይልቅ ዘገየ፤ ሞላው ከተንጠለጠለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይዞት ነበርና። ሲጋራውንም በሚስቱ ፊት ተወው፤ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ግን ጢሱን አያለሁ፣ አያለሁ ብዬ አልነግራትም ነበር።

አሁን ለእናንተ። ከሥራ በኋላ እጃችሁ ውስጥ መሣሪያው የሚሠራ ከመሰላችሁ ያ ድካም አይደለም፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። መሣሪያውን ሙጭጭ አድርጋችሁ አትያዙ፤ ዲስኩ ይሥራ፣ እናንተ ምሩት። የተሸረፈ ዲስክና የደነዘዘ መሰርሰሪያ ሁለት እጥፍ ያንቀጠቅጣል። አዲስ የድንጋይ ዲስክ ከመግጠማችሁ በፊት በእንጨት መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ተሰንጥቋልና ጣሉት። ዲስክ ስትቀይሩ ስፒናውን ንቀሉ፤ ማጥፊያው ብቻ አይታመንም። መከለያ አትፍቱ። መነጽር አድርጉ። እርጥብ መሬት ላይ ቆማችሁ፣ ሻርፕ ወይም ልቅ ልብስ ለብሳችሁ አትሥሩ። ብረቱ ከነዘራችሁ አትሳቁ። በተራ ሥሩ፣ እረፉ፣ እጃችሁን አሙቁ።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ እጃችሁ ምን እንደሚሠራ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የተባለውን ካላመናችሁም ደግማችሁ ጠይቁ እንጂ አትጥፉ። ሥጋ ደዌ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው፤ አግዳሚው ላይ ጠጋ ያሉልኝን ሰው ዛሬም አልረሳቸውም። ያን ዶክተር፣ ወርቅነሽን፣ እናቴንም አመሰግናለሁ።

ቶሎሳንም። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ባያሳየኝ ኖሮ እርስ በርሳችን እየተፈራራን እስከ መዳፋችን እንነጣ ነበር። ገላቶማ፣ ኦቦሌሳ ኮ፤ አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። እናንተም ጣታችሁ ከነጣ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት አጠገባችሁ የሚሠራውን ባልደረባ ጠይቁት።